የጥጃ ቤቱ ኪራይ

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የግቢው መኝታ አልተስማማውም። ከግቢ ውጭ ቤት ሊከራይ በር ሲያንኳኳ ሰነበተና ለዓመት በዓል ሲመጣ አንድ በአንድ አጫወተኝ። አንዷ አከራይ እንግዳ አይመጣም አለችው። አንዱ ሬዲዮ አይከፈትም አለው። ሌላው ደግሞ ከእሱ ቀድሞ መብራት የሚያጠፋ ተማሪ ብቻ እንደሚፈልግ ነገረው። እየሳቅሁ ሰማሁት። ሲጨርስ፣ «አባትህም እንዳንተ ቤት ፈልጎ ነበር» አልሁት። አላመነኝም። አባቱ የቅኔ ተማሪ እንደነበረ ያውቃል። የቅኔ ተማሪ ቤት ሲቸግረው ግን አስቦት አያውቅም። «እንግዲያስ ጻፊው» አለኝ።

ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው። ቄስ ነበር። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ሲሉት፣ «ዳዊቷን ትድገምበት» ይል ነበር። ነፍሱን ይማር። ዳዊቴን ደገምሁበት፤ አሁን ደግሞ ይህን ልጻፍበት።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ቤታችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ከተማ ወጣ ብሎ ነበር፤ ያኔ ወጀት ነው የሚባለው። ልጄ ከቡሬ ወዲህ በአንድ የማርያም ደብር ቅኔ ይማራል። የኔታ ሸምግለዋል፣ ዓይናቸውም ፈዟል። ጆሯቸው ግን የተማሪን ስሕተት ከሩቅ ይይዛል። በዚያ ክፉ ዘመን ስንቱ ጉባኤ ሲበተን የእሳቸው አልተበተነም። ልጄ ከእሳቸው እግር ሥር በመቀመጡ ሌት ተቀን አመሰግን ነበር።

የቅኔ ተማሪ ማደሪያው ጎጆ ነው። ራሱ እንጨት ይቆርጣል፣ ራሱ ሣር ያጭዳል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አንዲት ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል። ሁለት ሰው ይተኛባታል፤ ሦስተኛ ከመጣ እግሩ ውጭ ያድራል። ለልጄም እንዲህ ያለች ጎጆ ነበረችው።

ግንቦት እንደገባ ወሬ ደረሰን። ከደብሩ ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ጣሊያን ምሽግ ሠርቷል። የምሽጉ አለቃ በመነጽር ቢያይ ቢያይ ጎጆ ብቻ ሆነበትና፣ አርበኛ የሚያድረው እዚያ ነው ብሎ ሁሉም እንዲፈርስ አዘዘ። አፈረሱት። ልጄ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ ጎጆው ሁሉ ተበርብሮ የተገኘው ቁንጫ ብቻ ነው፤ እሱም አልተማረከም።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሰበሰቡ። «ከደወሉ ድምፅ የማይርቅ ጣራ ያገኘ ይቆይ» አሏቸው። «ያላገኘ ክረምቱ ሳይገባ ወደ አገሩ ይሂድ። ዝናብ ላይ ለሚሞት ተማሪ የእኔ ነፍስ አትጠየቅም።» ከደወሉ አይራቅ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ማታ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው በዚያ ጊዜ ይያዝ ነበር።

ወደ አገሩ መመለስ ለልጄ ሌላ ትርጉም ነበረው። ጣሊያን መንገድ ያሠራል። ጭቃ ሹማችን ከየቤቱ ጎልማሳ እየለቀመ ይሰጣል። የኔታን ግን ይፈራቸዋል። ግዝታቸው እስከ ልጅ ልጁ ድረስ እንዳይከተለው ብሎ ከጉባኤ ላይ ተማሪ አያነሣም። ስለዚህ ልጄ ደብሩ ካለ ተማሪ ነው፤ ቤቱ ከመጣ ለአካፋ የደረሰ ጉልበት ነው። ከጎረቤቶቻችን ልጆች የተወሰዱት ገና አልተመለሱም ነበር።

ባለቤቴ በሬዎቹን እየፈታ፣ «ጣራ ካገኘ ተረፈ» አለኝ። «ካጣ ጭቃ ሹሙ በራችን ላይ ይጠብቀዋል።»

በማግስቱ አህያዋን ጫንሁ።

ማር ጫንሁ፣ በቅል የተሞላ ቅቤ ጫንሁ፣ በሶና ደርቆሽ ጨመርሁ። አንድ ጠቦትም በገመድ አስከተልሁ። ጥለቱ ያልደበዘዘውን ነጠላዬን ለበስሁ። ልጄን የሚያስጠጋልኝ ሰው ውለታ የማታውቅ ሴት እንዳይለኝ ነው። አሳቤ ይኸው ነበር፤ ደግ አሳብ መስሎኝም ነበር።

ልጄን ደጀ ሰላሙ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተደራርቦ አገኘሁት። ብዙዎቹ ሄደዋል። የቀሩትም በየቀኑ አንድ ሁለት እያሉ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳቸውን እያንጠለጠሉ ይሰናበታሉ። ሲያየኝ ደስ አለው። አህያዋንና ጠቦቱን ሲያይ ግን ፊቱ ትንሽ ቅር አለ። አላስተዋልሁትም። «ተነሥ» አልሁት፣ «ቤት እንፈልግ።»

መጀመሪያ ከደብሩ በላይ ወዳለው ትልቅ ቤት ወሰደኝ። ከታች፣ ተሻግሬው ከመጣሁት ወንዝ አጠገብ፣ ሌላ ቤት ይታያል፤ ወደ ደብሩ የቀረበውም እሱ ነው። «እዚያስ?» ስለው፣ «እማየ፣ ያችን ቤት እንዝለላት» አለ። «ባልቴት ናቸው። ተማሪ ሲያዩ ዱላ ነው የሚያነሡት።»

የትልቁ ቤት ጌታ ከደጅ ተቀበሉን።

«ምን ፈልገው ነው፣ እመይቴ?»

«ለዚህ ልጅ ማደሪያ ፈልጌ። የቅኔ ተማሪ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ» አልሁ። አባቱን ነገርኋቸው። አያቱን ነገርኋቸው። ርስታችን ከየት እስከ የት እንደሆነ ነገርኋቸው። የአህያዬንም ጭነት እንዲያዩት ገመዱን ሳብ አደረግሁ።

ሰውየው አህያዋን አዩ። ጠቦቱን አዩ። ልጄን አዩ። «ቤታችን ጠቧል» አሉ።

ከኋላቸው ያለው ቤት ሠርግ የሚያስደግስ ነበር።

ቀጥለን አንድ ቄስ ቤት ሄድን። የቄሱ ሚስት ቅቤውን አሸተቱና፣ «እንዲህ ያለ ቅቤ ያላቸው ሰዎች ልጅ ከእኛ ቤት ምን ሊያደርግ፣ እቴ?» ብለው በደግ ቃል ሸኙን። ቀጥሎ ያለችው ሴት፣ «ልጄ ታማብኛለች» አለች። የታመመችው ልጅ ከኋላዋ ገመድ ትዘላለች። ቀጥሎ ያለው ሰው ውሻዬ ክፉ ነው አለ። ውሻው እግሬ ሥር ተኝቶ ጅራቱን ይቆላል። ነገሩ አልገባኝም። የሰው ክፋት መሰለኝ፤ ሰዎቹ ግን ፊታቸው ክፉ አልነበረም።

እልህ ያዘኝና ወደ ቡሬ ገባን። ኪራይ የሚባለውን ነገር በደንብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ወታደሩና የመንገድ ሠራተኛው ስለበዛ ጓዳውን ከፍሎ የማያከራይ አልነበረም። አንዲት ጠጅ ጣይ መጋረጃ ገልጣ አንድ ክፍል አሳየችን። ከመጋረጃው ወዲያ ማሲንቆ ይመታል፣ አንዱ ይፎክራል፣ አንዱ ያለቅሳል።

«ልጁ ቅኔ ነው የሚማረው» አልኋት።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች። «እዚህ ማታ ማታ ቅኔ የማይዘርፍ ሰው የለም። ከሦስተኛው ብርሌ በኋላማ ሁሉም መሪጌታ ነው።»

ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መሆኑን አወቅሁ። እኔም አማትቤ ወጣሁ። ከዚያ ደወሉ አይሰማም፤ ቢሰማም በዚያ ሁካታ ማን ይሰማዋል?

ስንመለስ አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ልጄ ጠቦቱን እያሻሸ ቆየና፣ «እማየ፣ አትቀየሚኝ» አለ።

«ምን ሆነህ?»

«አንቺ አብረሽኝ ካለሽ ቤት አላገኝም።»

ወደ እሱ ዞርሁ።

«ተማሪ እናት የለውም» አለ። «የማን ልጅ ነህ ሲሉት የማርያም ነኝ ይላል፤ በቃ፣ ሌላ አይጠየቅም። የሚያስጠጋውም ለማርያም ብሎ ነው የሚያስጠጋው። አንቺ አባቴንም አያቴንም አመጣሽባቸው። ቅቤውንም አሳየሻቸው።»

«ላመሰግናቸው ብዬ እንጂ!»

«ምስጋናውን ከላይ ነው የሚፈልጉት፣ እማየ። ካንቺ ከተቀበሉ ከዚያ ይቀርባቸዋል።»

የቄስ ልጅ ነኝ። በቤቴ ደጅ ስንቱን ተማሪ ቁራሽ ሰጥቼ ሸኝቻለሁ። አንዱንም እናትህ ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም። ከኋላው እናቱ ጠቦት ይዛ ቆማ ባይ ኖሮ እኔም እጄ ይሰበሰብ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የራስ ልጅ ሲሆን ግን የሚያውቁት ሁሉ ይጠፋል። ከቤቴ ተነሥቼ እዚያ ድረስ የመጣሁት በሩን ልዘጋበት ኖሯል።

ጭነቱን ሁሉ ለየኔታ ወሰድሁት፤ ለደጀ ሰላሙ ተማሪዎች ይሁን ብዬ። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው የጠቦቱን ጆሮ ዳሰሱ።

«ይህ ደግሞ ምን ሊማር መጣ?» አሉ።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልቤ ያዘነውን ያህል ሳቅሁ። ልጄን ሳምሁት። «በል፣ የማርያም ልጅ» አልሁትና አህያዬን ነድቼ ወጣሁ።

ወንዙ ጋ ሳልደርስ ሰማይ ተቀደደ። የግንቦት ዝናብ እንዲህ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ወንዙ ደፈረሰ፣ ሞላ፣ ድንጋይ ማንከባለል ጀመረ። ቆሜ ባይም ባይም የሚጎድል አልሆነም። ቀኑ ጨላለመ። ከአጠገቤ ያለው ቤት ያ የባልቴቷ ቤት ብቻ ነበር።

በእኛ አገር የመሸበት ሰው አይጠየቅም። ከየት ነህ፣ የማን ነህ፣ ወዴት ነህ አይባልም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ «ኧረ ባለቤቶች! መሽቶብኛል፤ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አልሁ።

«ቤት የእግዜር ነው! ውሻውን ያዝሁት፣ ግቢ!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ባልቴቷ ቀጭን፣ ረዥም ሴት ነበሩ፤ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ከቡሬ ወዲያ ካለው ከአገው ወገን ናቸው። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከከብቶቻቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ። «የቱን ቋንቋ ይመርጣሉ?» ብላቸው፣ «የሚሰሙኝ ከብቶቹ ናቸው» አሉ። አህያዬን ራሳቸው አሰሩልኝ። ውኃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። እምቢ ብል፣ «እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ጌታ ልትሆኚብኝ ነው?» ብለው ተቆጡ።

እራት ላይ ስለ ተማሪ ነገሩኝ። እኔ አልጠየቅሁም።

«ዱባ ነበረችኝ» አሉ። «ከአጥሩ ሥር፣ ይህን መሶብ የምታህል። ለፍልሰታ ብዬ ጠበቅኋት። እነዚህ ተማሪዎች ወሰዷት። መውሰዳቸው አይደለም የሚያናድደኝ። በቦታዋ ድብልብል ድንጋይ አስቀምጠው በቅጠሏ ሸፈኑልኝ! ድንጋይ ስጠብቅ ሰነበትሁ። ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያውን እሾህ አጠርሁለት። ዘመድ ሲመጣ ከሩቅ አሳየው ነበር! የተማረ ሰው ክፋቱ እንዲህ ነው። ተማሪ ከዚያ ወዲህ ቁራሼን ይወስዳል እንጂ አጥሬን አያልፍም።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። እሳቸውም ሊስቁ ነበር፤ ቂማቸው አልለቀቃቸውም። ያን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠው ልጄን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ስተኛ ወደ እመቤታችን ጸለይሁ። ቃሌ ብዙ አልነበረም። «አንቺም ለልጅሽ ማደሪያ አጥተሽ ታውቂያለሽ» አልኋት። እሷ ታውቀዋለች፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጠዋት ወንዙ ጎደለ። አህያዬን ልፈታ ስል ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማሁ።

«በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ቸሩ አምላክ!»

ልጄ ነበር። እኔ ከወንዙ ማዶ ደርሻለሁ ብሎ ነው የሚያስበው።

«መጡ፣ ዱባ በሎች!» አሉ ባልቴቷ። ከመሶቡ ቁራሽ አነሡና ወደ እኔ ዘረጉ። «እንኪ፣ አንቺ ስጭልኝ። እኔ ከወጣሁ በዱላ ነው የምወጣ።»

ወጣሁ። ልጄ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በትሩን ወደ ውሻው ዘርግቶ ቆሟል። አየኝ። ዓይኑ ለአፍታ ፈጠጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁራሹን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመይቴ። ያኑርልኝ» አለ፤ አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው።

እመይቴ! ጡት ያጠባሁት ልጅ! ሳቅ ከሆዴ ሲነሣ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። መሬት ሳይ እግሩን አየሁ። የግራ ተረከዙ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከአህያዬ ኋላ በዚህ እግር ሲያዘግም አላየሁትም ነበር፤ የሰው በር በር ሳይ ነው የዋልሁት።

«እግርህን ምን ነካው?» የሚል ቃል አመለጠኝ።

«እሾህ ነው፣ እመይቴ። ይድናል።»

ባልቴቷ ዱላቸውን ይዘው ከኋላዬ ደረሱ። «ምን ትጠያየቃላችሁ? አንተ!»

«አቤት።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የማርያም።»

«እሱን ሁላችሁም ትሉታላችሁ። ከየት መጣህ?»

«ከመንገድ።»

«አፍ አለህ። የት ታድራለህ?»

«ደጀ ሰላም። ክረምት መጣ፣ ማደሪያ ፈልጉ ተብለናል፤ አላገኘሁም።»

ባልቴቷ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ዱባ ትወዳለህ?»

«ከሰጡኝ እወዳለሁ» አለ ልጄ። «ካልሰጡኝ መኖሩንም አላውቅ።»

«ድንጋይስ?»

«ድንጋይ ለመቀመጫ ነው፣ እመይቴ። ለእሱ አጥር አይታጠርም።»

አለቀልን አልሁ በልቤ። ባልቴቷ ዱላቸውን ተደገፉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ በሳቅ ፈነዳ፤ ውሻው ደንግጦ ከጎተራው ሥር ገባ። ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ፣ እንግዳዬ? ፊቱን አይተሽዋል። የሌባ ነው የሰው?»

መዋሸት አልችልም። እውነቱን ከተናገርሁ ደግሞ በሩ ይዘጋል። እግዚአብሔር ቃል ሰጠኝ።

«ፊት ያሳስታል፣ እመይቴ» አልሁ። «እኔ ያየሁት እግሩን ነው።»

ባልቴቷ አዩኝ። ረዘም አድርገው አዩኝ። ከዚያ የልጄን ተረከዝ አዩ። «እግሩን» አሉ ቀስ ብለው።

ዱላቸውን ወደ ግቢው ጥግ ቀሰሩ። «የጥጃ ቤት አለኝ» አሉት። «ጥጆቹን ምሽጉ በላቸው፤ ባዶ ነው። ጣራው አያፈስም። ኪራዩ ዳዊት ነው። ጎህ ሲቀድ ለባሌ ነፍስ ትደግማለህ፣ እኔ በምሰማው ድምፅ። እንዳትዘልብኝ። ባሌ ሲደግም እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ አውቃለሁ።»

«እሺ፣ እመይቴ።»

«ደግሞ ስማኝ። እናት ነኝ፣ አባት ነኝ፣ ዘመድ ነኝ የሚል በዚህ በር እንዳይመጣብኝ። ለማርያም ሰጥቻለሁ፤ ከሰው ሒሳብ የለኝም።»

ይህን ሲሉ እኔን አላዩም። ልጄ መሬት ስሞ ወደ ጉባኤው ሮጠ፤ ያ የቆሰለ እግር እንዴት እንደሮጠ እንጃ።

እኔ ወዲያው መሄድ ነበረብኝ፤ አልቻልሁም። «እጄ ባዶ ነው፤ ቤቱን ላግዝዎ?» አልሁ። ባልቴቷ መጥረጊያ ወረወሩልኝ። ያረጀውን ፍግ አወጣን። ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ረግጬ ግድግዳውን መረግሁ፤ መደቡን ደለደልሁ፤ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጣቴ እየፈለግሁ ደፈንሁ። ባልቴቷ ከበሩ ቆመው ያዩኛል።

«ለማታውቂው ልጅ መደብ እንዲህ ይደለደላል?»

«ለማርያም ብዬ ነው።»

«አዎ» አሉ። «ለማርያም ነው።» ሄደው ለስላሳ ሣር በሸክም አመጡ።

እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ከውኃው ዳር ስንደርስ ዱላቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ።

«ለተማሪ የሚመጸውት ሰው አኩፋዳውን ነው የሚያይ» አሉኝ፣ «ሞልቷል አልሞላም ብሎ። እግሩን የምታይ አንዲት ሴት ብቻ ናት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ምንም አልነገርሽኝም» አሉ። «እኔም ምንም አልሰማሁ። ይኸው እንዲሁ ይቆይ። ብትነግሪኝ ኖሮ ጽድቄን ታበላሺብኝ ነበር፤ እሱም ጣራውን ያጣ ነበር።»

«እሺ፣ እመይቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ለምኑ? ስለ ግድግዳው እኔ ነኝ የማመሰግን።» ሊመለሱ ዞሩና ቆም አሉ። «የመሸበት እንግዳ ግን ሌላ ነው። የመሸበትን ከየት መጣህ አልልም። የዚህ አገር መንገድ ደግሞ ክፉ ነው፣ ሰው ይመሽበታል።»

ወንዙን ስሻገር ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ረጠበ። አልታወቀኝም። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በዓይኑ ጠየቀኝ። «የጥጃ ቤት» አልሁት። ተቀምጦ ረዥም ትንፋሽ አወጣ። በዚያ ክረምት ጭቃ ሹሙ ወደ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ፣ «ጉባኤ ላይ ነው፤ የኔታን ይጠይቁ» አለው። ጭቃ ሹሙ የኔታን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

ዝናቡ ሲያቆም፣ አደይ ሲፈነዳ፣ መንገዱ ናፈቀኝ። ያለ አህያ፣ ያለ ቅቤ፣ እንዝርቴንና ትንሽ ጥጥ ብቻ ይዤ ተነሣሁ። ናፍቆት እግር ያፈጥናል፤ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ወንዙ ጋ ደረስሁ። ያን ጊዜ ነው ችግሩ የገባኝ። አልመሸብኝም። ያልመሸበት ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም።

ከወንዙ ወዲህ አንድ ዋንዛ ሥር ተቀምጬ እስኪመሽ ፈተልሁ። ከማዶ የጥጃ ቤቱ ይታየኛል። ልጄ ወጣ፣ ደበሎውን ፀሐይ ላይ አሰጣ፣ አንድ ነገር ለራሱ እያጉተመተመ ወደ ጫካው ገባ። ቅኔ እየቆጠረ፣ አዲስ እያዘጋጀ ነው። እግሩን አየሁ፤ አያነክስም። ጥጤ አለቀ፤ ባዶ እንዝርት ማሽከርከር ጀመርሁ። ፀሐይዋ ስትወርድ ተነሥቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ ከአጥሩ ቆምሁ።

«ኧረ ባለቤቶች! መሽቶብኛል፤ የእግዜር እንግዳ ነኝ!»

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቢ!»

አንድ መሶብ ላይ ሦስታችን ቀረብን። «እንደምን አመሹ፣ እመይቴ» አለኝ ልጄ። «ይመስገን፣ ልጄ» አልሁት፤ ልጄ የማይባል ሰው በአገራችን የለምና ውሸት አልሆነብኝም። ባልቴቷ ዱባ ወጥ ሠርተው ነበር። ለልጄ ሲያወጡለት፣ «ዛሬ ሰጥቼሃለሁ፤ እንግዲህ መኖሩን እወቅ» አሉት። እስከምንተኛ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ መንገድ መሽቶብኝ ብዙ ጊዜ አደርሁ። ሁልጊዜም ዋንዛው ሥር እቀመጣለሁ፣ ሁልጊዜም እጠብቃለሁ። ጎህ ሲቀድ የልጄን ዳዊት ከጥጃ ቤቱ እሰማለሁ። ባልቴቷ ከመደባቸው ላይ ሆነው ሟቹ ባላቸው ትንፋሽ ይወስዱ በነበረበት ቦታ ይተነፍሳሉ።

ጣሊያን የወጣ ዓመት፣ ልጄ ቅኔውን ጨርሶ ሊመረቅ ሲል ሄድሁ። የምሽጉ ጉብታ ባዶ ነበር። እንደ ልማዴ ከዋንዛው ሥር ተቀምጬ ጥጤን አወጣሁ። ባልቴቷ ከማዶ ወደ አጥራቸው ወጡ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንቺ እንግዳ!» ብለው በዚያ ወፍራም ድምፅ ጮኹ። «ምን ትጠብቂያለሽ? መሽቷል እኮ!»

ፀሐይ በአናቴ ላይ ነበረች። እንዝርቴን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ፣ «ዛሬስ ቶሎ መሸ።»